እማ፣ ኪኒኑን ሳትውጪው

እማ፣ ሰላም ነሽ ወይ? እንቅልፍሽን አልጠይቅሽም፣ ትንሿ ነግራኛለች። የመድኃኒቱን ካርቶንም ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ልካልኛለች። ዞልፒደም ይላል፣ የእንቅልፍ ኪኒን ነው፣ 10 ሚሊግራም። አንቺ ዕድሜ ላሉ የሚመከረው 5 ነው። ሐኪሙን እየከሰስኩት አይደለም፤ ግማሹን ዋጪ ብሎሽ ይሆናል፣ ወይ እንደ ልማድሽ ዕድሜሽን ቀንሰሽ ነግረሽው ይሆናል (አውቅሻለሁ እኮ)። ብቻ ተመልሰሽ ሳትጠይቂ አትጀምሪው።

ስትሄጂ ለጉልበትሽ ሕመም የምትውጪውን ማስታገሻ፣ ትራማዶሉን፣ ያዥ። ሁለቱ ሲገናኙ ትንፋሽ ያዳክማሉ። እንደምታንኮራፊም ንገሪው፣ ምን ያሳፍራል፤ እያንኮራፉ ትንፋሻቸው ቆም ለሚል ሰዎች ይሄ መድኃኒት ጥሩ አይደለም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የሌሊቱ ነገር ነው። ኪኒኑን የዋጠ ሰው 7 እና 8 ሰዓት ሙሉ መተኛት አለበት፣ ቀድሞ ከተነሳ ይንገዳገዳል። ማታ 4 ሰዓት ብትውጪው ለሱብሂ ሶላት ያደርስሻል። አንቺ ግን ለሌሊቱ ሶላት፣ ለተሀጁድ፣ 8 ሰዓት ተነስተሽ፣ በዚያ በደሴ ብርድ፣ ውዱእ ልታደርጊ ግቢው ሲሚንቶ ላይ ትወጫለሽ። ተይው ለማለት አፌ አይደፍርም። ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪው፤ ውሃውና ሳፋው ክፍልሽ ይደር፣ መብራት አታጥፊ፣ ትንሿን ቀስቅሻት።

የምትውጪው አልጋ ላይ ከወጣሽ በኋላ ነው፣ ከሰሉ ጠፍቶ፣ በሩ ተዘግቶ። እራት እንደበላሽም አይሁን፣ ጥጋብ ላይ ቶሎ አይሠራም፤ አልያዘኝም ብለሽ ደግሞ ሁለተኛ እንዳትጨምሪ። ይሄን ውጠው በእንቅልፍ ልባቸው ምግብ ያበሰሉ፣ መኪና የነዱ፣ ጠዋት ምንም የማያስታውሱ ሰዎች አሉ። አሜሪካኖቹ በ2019 እ.ኤ.አ. ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ ያስገቡት ለዚህ ነው። አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ካደረገሽ አቁመሽ ለሐኪሙ ንገሪ። ለጎረቤትም አታካፍዪ፣ የቡና ቁርስ አይደለም።

ስለ ቡና ካነሳን፣ ከመግሪብ በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያላችሁ እንደምታመሹ ነግረሽዋል? አልነገርሽውም አይደል። እስቲ መጀመሪያ ቡናውን ወደ ቀን አምጪው፣ ጎረቤቶችሽ ቢቀየሙ እኔን ይቀየሙ።

አብሽሪ እማ። ሐሙስ ሄዳችሁ ደውሉልኝ፣ እስከዚያ ካርቶኑ ትንሿ ጋ ይቀመጥ።