ለቦርድ ለተጠቆመችው ልጄ

ይድረስ ለውዷ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

በስልክ የነገርሽኝን እያሰብኩበት ሰነበትኩ። ጓደኞችሽ ለሎካሉ፣ ለዩኒየናችን የከተማሽ ቅርንጫፍ፣ ኤግዚኪዩቲቭ (ሥራ አስፈጻሚ) ቦርድ ጠቁመውሻል፤ አንቺ ደግሞ «ጆርኒማን (ሙሉ ሙያተኛ) ከሆንኩ ገና ስንት ጊዜዬ ነው? ስብሰባ ላይ የሚንጫጫውን ሁሉ ማን ይችለዋል?» አልሽኝ። እናትሽ ከኋላዬ ቆማ «ሹመት ያዳብር በላት እንጂ!» እያለች ስትጎተጉተኝ በቅጡ ሳልመልስልሽ ስልኩ ተዘጋ። ስለዚህ በጽሑፍ ልመልስልሽ፤ አማርኛ ማንበቡንም እንዳትረሺው። ደብዳቤ ደግሞ ለእኛ ሙያ አዲስ ነገር አይደለም። የቧንቧ ሠራተኞች ዩኒየናችን ራሱ የተጀመረው ኩዊንላን የሚባል የቦስተን ቧንቧ ሠራተኛ በ1889 ጸደይ ላይ እዚህ ዋሽንግተን ላለ የሙያ ጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከየከተማው የተወከሉ አርባ ያህል ሰዎች ዋሽንግተን ተሰብስበው ማኅበሩን መሠረቱ፤ ኩዊንላንንም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አደረጉት። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።)

ከማርቲን ዱርኪን ልጀምር፤ የአንቺው ሎካል ሰው ነውና። በ1894 ቺካጎ ተወለደ። በጉርምስናው የእንፋሎት ቧንቧ ገጣጣሚዎች ዘንድ ገብቶ ሙያውን ያዘ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘምቶ ተመለሰ፣ ከዚያ በሎካላችሁ በ597 ውስጥ የዩኒየን ሥራ ጀመረ። በ1933፣ ሕዝቡ ሥራ አጥቶ ለዳቦ በሚሰለፍበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ የኢሊኖይ ግዛት የሠራተኛ ጉዳይ ዳይሬክተር ሆነ። ሥራ ለፈታ ሰው የሚከፈለው ኢንሹራንስ፣ ሥራ ፈላጊን ከቀጣሪ የሚያገናኘው ቢሮ፣ አሠሪና ሠራተኛ ሲጣሉ የሚሸመግለው ክፍል በእሱ ጊዜ የቆሙ ናቸው። ባለፈው ክረምት ሥራ ቀዝቅዞ ቤት ስትቀመጪ በየሁለት ሳምንቱ ይገባልሽ የነበረው ገንዘብ የመጣው በዚያ መንገድ ነው። የዚያን ጊዜ ስሙን ብጠራልሽ ማን እንደሆነ አታውቂም ነበር። አልፈርድብሽም፣ ማንም አያውቀውም።

በ1943 የመላው ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1953 መግቢያ ላይ ደግሞ አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ካቢኔውን ሲያዋቅር የሠራተኛ ሚኒስትር አድርጎ ሾመው። አይዘንሃወር ሪፐብሊካን፣ ዱርኪን ዴሞክራት! የቀሩት ሹማምንት ባለጸጎች ስለነበሩ ጋዜጠኞቹ «ስምንት ሚሊየነሮችና አንድ ቧንቧ ሠራተኛ» ብለው ቀለዱ። ሰውየው የእንፋሎት መስመር ሠራተኛ እንጂ የውኃ ቧንቧ ሠራተኛ አልነበረም፤ እናንተ ፊተሮቹ (የእንፋሎት ቧንቧ ገጣጣሚዎቹ) ይህን ዓይነቱን ስሕተት እንደማትምሩ አውቃለሁ፣ እኔንም ስንቴ አርመሽኛል።

ወደ ካቢኔው የገባው አንድ ጉዳይ ይዞ ነው። ታፍት ሃርትሊ የሚባለው የ1947 ሕግ የዩኒየኖችን እጅ አስሮ ስለነበር እንዲሻሻል ይፈልጋል። ወራት ፈጅቶ፣ ተከራክሮ፣ 19 ማሻሻያዎች ላይ ከፕሬዚዳንቱ ሰዎች ጋር ተስማምቻለሁ ብሎ አመነ። ኋላ ዋይት ሐውስ አፈገፈገ። ዱርኪን ቃል ታጥፏል አለና ሴፕቴምበር ላይ፣ ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ወንበሩን ትቶ ወደ ማኅበሩ ተመለሰ። በ1955 ኖቬምበር እስኪሞትም እዚያው አገለገለ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት አጎትሽ ሲደጋግመው ሰምተሻል። ይህ ሰው ግን ሳይሻር ራሱ ሄደ። እንዴት ቻለ ብትይኝ፣ መግቢያ ስለነበረው ነው እላለሁ። ሙያ አለው፣ የሚያውቁት ሰዎች አሉት፤ ሚኒስትርነቱ ቢቀርበት የሚጎድልበት መኪናው ብቻ ነው። አንቺም ቦርድ ውስጥ ብትገቢ የመሣሪያ ሣጥንሽን አትሽጪ።

አሁን ደግሞ ከቧንቧ ሥራ ተነሥቶ ትልቁን የዩኒየኖች ፌዴሬሽን ወደመራው ወደ ጆርጅ ሚኒ ልምጣ። እሱን ሳላነሣ ብቀር ደብዳቤው ከንቱ ነው፣ ደግሞም ጎረቤታችን ነው ማለት ይቻላል፤ መቃብሩ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በስሙ የተሰየመውን የሠራተኞች ትምህርት ቤት ግቢ አንቺም ታስታውሽዋለሽ፣ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ላይ፣ በ2014 የተዘጋው።

ሚኒ ሐርለም ተወልዶ ብሮንክስ ያደገ የአየርላንድ ዘር ነው። አባቱ ቧንቧ ሠራተኛ፣ የሎካሉም ፕሬዚዳንት ነበር። ልጁ በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ረዳት ሆኖ ገባ። በ1916 አባቱ ሞተ፤ በማግስቱ ዓመት ታላቅ ወንድሙ ወታደር ቤት ሲገባ እናቱንና ስድስት ታናናሾቹን የሚያበላ እሱ ብቻ ቀረ። የጆርኒማን ወረቀቱን ያገኘው በዚያው ዓመት ነው። የገንዘብ ጉድለቱን ለመሙላት ቅዳሜና እሑድ ቤዝቦል ይጫወት ነበር ይባላል። በ1920፣ በ26 ዓመቱ፣ ለሎካል 463 ኤግዚኪዩቲቭ ቦርድ ተመረጠ። «ገና ነኝ» ስትይኝ ይሄ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅም ነው፤ አሳጥሬ ልለፈው። በ1922 የሙሉ ጊዜ ቢዝነስ ኤጀንት (የሎካሉ ደመወዝተኛ የሠራተኛ ተወካይ)፣ በ1934 የኒው ዮርክ ግዛት ዩኒየኖች ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት፣ በ1952 የኤኤፍኤል (የመላ አገሪቱ የዩኒየኖች ፌዴሬሽን) ፕሬዚዳንት። ዱርኪን በሞተ በወሩ፣ ዲሴምበር 1955 ላይ፣ ሁለቱ ትልልቅ ፌዴሬሽኖች ሲዋሐዱ የብሮንክሱ ቧንቧ ሠራተኛ 15 ሚሊዮን ያህል ሠራተኛ መሪ ሆነ። በሙስና የሚታማውን የከባድ መኪና ሾፌሮች ዩኒየን፣ ከሁሉም ግዙፉን፣ በ1957 ከፌዴሬሽኑ አስወጣ። በሕይወቴ አድማ መትቼ አላውቅም እያለ ይኩራራም ነበር፤ አንዳንዱ ሠራተኛ በዚህ አይወደውም። እኔ ግን በ1927 ያደረገው ደስ ይለኛል። ኮንትራክተሮቹ ሠራተኛውን ከሥራ ሲዘጉበት ሚኒ ፍርድ ቤት ሄዶ በእነሱ ላይ እግድ አወጣ። እግድ እስከዚያ ድረስ የአሠሪዎች መሣሪያ ስለነበር የዩኒየን ሰዎች ስሙን መስማት አይወዱም። እሱ መሣሪያውን ከእጃቸው ወስዶ ተጠቀመበት።

በጎውን ብቻ ነግሬሽ ብተው ግን እንደ ሐዘን ቤት ንግግር ይሆንብኛል። በ1964 ጸደይ ብሮንክስ ውስጥ ከተማው የሚያሠራው ትልቅ የገበያ ሕንፃ ነበር። ኮንትራክተሩ የዩኒየን አባል ያልሆኑ አራት ቧንቧ ሠራተኞች ቀጠረ፤ አንዱ ጥቁር፣ ሦስቱ የፖርቶሪኮ ልጆች። የሎካል 2 አባላት መሣሪያቸውን ሰብስበው ወጡ። ሎካል 2 በዚያ ጊዜ የሚኒ የራሱ ቤት ነበር። እሱም ደገፋቸው፤ ጉዳዩ የቆዳ ቀለም አይደለም፣ ዩኒየን ካልሆነ ሰው ጋር አለመሥራት ደንባችን ነው አለ። የገረመኝ ደግሞ ይኸው ሰው በዚያው ዓመት የሲቪል መብት ሕጉ እንዲጸድቅ ፌዴሬሽኑን አሰልፎ የታገለ ሰው መሆኑ ነው። በሥራ ቅጥር መድልዎን የሚከለክለው አንቀጽ እንዲገባ፣ ዩኒየኖችንም ጭምር እንዲመለከት፣ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ጠይቋል። ፌዴሬሽኑ የአፍሪካ ሠራተኛ ማኅበራትን የሚረዳ ማዕከል ያቋቋመውም በ1964 ነው።

ይህን እንዴት ታስታርቂዋለሽ? እኔ እንደሚመስለኝ ሰውየው ያላየው በሩን ነው። «አባል አይደሉም» አለ፤ እውነቱን ነው፣ አልነበሩም። ግን በዚያ ዘመን አባል የሚሆነው ማን ነበር? የአባል ልጅ፣ የአባል ወንድም፣ የአባል አማች። ሚኒም የገባው በአባቱ መንገድ ነው። ከውስጥ ለተወለደ ሰው በር መኖሩ አይታየውም።

ልጄ፣ አንቺም እኮ የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ ነሽ። ማመልከቻ መቼ እንደሚከፈት፣ የሒሳብ ፈተናው ምን እንደሚመስል፣ ለቃለ መጠይቁ ምን ለብሰሽ እንደምትሄጂ እቤት ሆነሽ ነው የሰማሽው። እኔ ከአዲስ አበባ ስመጣ የጋልቫናይዝ ቧንቧ ክር በእጄ ሳወጣ የኖርኩ ሰው ነበርኩ፤ እዚህ ግን ለዓመታት ዩኒየን የሚባል ነገር መኖሩን የነገረኝ የለም። የነገረኝ አንድ የኤልሳልቫዶር ልጅ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ስሙንም ረስቼዋለሁ። ይህን የማነሣብሽ እንድታፍሪ አይደለም፤ አባት ለልጁ መንገድ ማሳየቱ ነውር የለውም። አባት የሌለው ግን በማን ይግባ?

ስለዚህ መልሴ፦ ተወዳደሪ። ከተመረጥሽ ደግሞ የአፕረንቲስ (የሙያ ተለማማጆች) ኮሚቴ ውስጥ ልግባ ብለሽ ጠይቂ። ገንዘብ ያዥነቱን የሚሻማ ሞልቷል፣ ኮንቬንሽን መሄዱንም እንደዚያው። ማን እንደሚገባና ማን በየትኛው ዓመት ላይ ጥሎ እንደሚወጣ የሚታየው ግን እዚያ ኮሚቴ ውስጥ ነው። አምስቱን የልምምድ ዓመት ያልጨረሱት ልጆች ለምን እንዳልጨረሱ ጠይቂ፤ ልጅ የሚይዝላት አጥታ ነው? መኪናዋ ተበላሽቶ ነው? ወይስ አንዱ ፎርማን ሁልጊዜ መጥረጊያ ብቻ እያስያዛት?

ስብሰባው ያስጠላኛል ላልሽው እውነትሽን ነው፣ ያስጠላል። የእኛ ዕድር ስብሰባ ላይ ድንኳኑን ማን ሳያጥብ እንደመለሰ ስንት ሰዓት እንደሚወራ ታውቂያለሽ፤ የሎካሉም ከዚያ ብዙ አይለይም። ግን ሥራው ያለው ከስብሰባው ውጭ ነው። እኔ አዲስ አባል ሳለሁ ትርፍ ሰዓቴ በመደበኛ ሒሳብ ተከፍሎኝ ነበር፤ አፌን ሞልቼ ለመናገር እንግሊዝኛው አልነበረኝም። የሎካሉ ቢዝነስ ኤጀንት፣ ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ሽማግሌ ነው፣ መኪናው ውስጥ አስቀምጦኝ የደመወዝ ወረቀቴን መሪው ላይ ዘረጋው። መስመር በመስመር በጣቱ እየሄደ፣ መነጽሩን እያወለቀ እያጠለቀ፣ ሰዓቱን በእርሳስ ደመረው። ከዚያ ወደ ፎርማኑ ቢሮ ገባ። ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ድምፁ ከፍ አላለም። ሲወጣ «ሐሙስ» አለኝ፣ አንድ ቃል። ሐሙስ ተስተካክሎ መጣ። ያ ሰው ፎቶግራፉ የትም ግድግዳ ላይ የለም።

የሚሺጋኗን ከተማ ፍሊንትንም አስቢ። ከተማው በ2014 ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ውኃውን ከዲትሮይት መስመር ወደ ፍሊንት ወንዝ አዞረ፤ ውኃው ቧንቧ እንዳይበላ የሚደረገው ማከሚያ ሳይጨመርበት ቀረ፣ ከአሮጌዎቹ መስመሮች እርሳስ እየተፋቀ ሕፃናቱ ሆድ ገባ። በኋላ ማጣሪያ በነፃ ታደለ። ግን ማጣሪያው የሚገጠመው ቧንቧው ጫፍ ላይ ባለው ክር ነው፤ የድሮ ሲንክ ያላት አሮጊት ማጣሪያውን ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው ማለት ነው። ይህን ሙያተኛ ካልሆነ ማን ያስበዋል? የፍሊንቱ ሎካል 370 አባላት ቤት ለቤት እየዞሩ ሲገጥሙ ቆዩ፤ ጃንዋሪ 30 ቀን 2016፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ደግሞ ከየሚሺጋን ሎካሉ ከ300 በላይ ቧንቧ ሠራተኞች መጥተው ያለ ክፍያ ቧንቧ ሲቀይሩና ማጣሪያ ሲያስሩ ዋሉ። ዕቃውን አምራቾቹ ሰጡ። ከሲንክ ሥር በጀርባ ተኝቶ፣ የዛገ ዳዶ አልፈታ እያለ፣ ዝገቱ ዓይን ውስጥ እየረገፈ መሥራት ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። እንዲህ ያለ ቅዳሜ ግን ከሰማይ አይወርድም። አንድ ሰው ስልክ ደውሏል፣ ስም መዝግቧል፣ ቤቶቹን ደልድሏል፣ «ልጄ ኳስ አለው» ያለውን አግባብቷል።

ስለ ሚኒ አንድ ነገር ቀረኝ። በ1979 ኖቬምበር ወንበሩን ሲለቅ 85 ዓመቱ ነበር፤ ሁለት ወር ሳይቆይ ሞተ። 24 ዓመት! በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከአገሩ ሠራተኛ መካከል የዩኒየን አባል የሆነው ድርሻ ሲቀንስ ግድ አልሰጠውም። ዱርኪን ቶሎ ሄደ፣ ሚኒ አልሄድም አለ፤ እኔ ሁለቱንም አከብራለሁ፣ ለልጄ የምመርጥላት ግን የመጀመሪያውን ነው። ሁለት ዙር ይበቃሻል።

እናትሽ ነርስ እንድትሆኚ ትለምንሽ የነበረችው አሁን ቤተ ክርስቲያን ላገኘችው ሁሉ «ልጄ ቦርድ ልትገባ ነው» እያለች ነው፤ እንዳልተመረጥሽ ብነግራትም አልሰማችኝም። ምርጫው የሚደረግበትን ቀንና ለቅስቀሳ የሚሆንሽን ወረቀት ላኪልኝ፤ የአፕረንቲሶቹን ጉዳይ እንዴት እንደጻፍሽው ማየት እፈልጋለሁ። በርበሬና ሽሮ በሚመጣው ሳምንት በፖስታ ይደርስሻል፤ ለዚያች ለጎረቤትሽ፣ ለሐበሻዋ አዲስ አፕረንቲስም ግማሹን አካፍያት፣ ስልኬንም ስጫት።

አባትሽ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ