ጡረታ የወጣውን ውሻ ማን ያሳክመው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ለናንተ ይሁን። የፖሊስና የነፍስ አድን ውሾች ዜና ላይ የሚወጡት ዕፅ አነፍንፈው ሲያስይዙ ወይ ፍርስራሽ ስር ሰው ሲያገኙ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ሲያረጁስ? እስቲ እሱንም ጻፉበት።

አብዛኞቹ ስራ የሚያቆሙት ከ8 እስከ 10 ዓመት ሲሆናቸው ነው፣ ያኔ ሰውነታቸው አልቋል። አጥር ሲዘሉ ከመኪና ሲወርዱ ክብደቱን የሚችለው የፊት እግራቸው ነው፣ ጀርመን ሸፐርድ ደግሞ በዘሩም የዳሌ ችግር ይበዛበታል፣ ጥርሳቸውም በንክሻ ልምምድ ያልቃል ይሰበራል። ትናንት ግድግዳ ይዘል የነበረ ውሻ ታይል ላይ የኋላ እግሩ እየከዳው ሲንሸራተት ማየት ያማል፣ ምንጣፍ ካልተነጠፈለት መነሳትም ያቅተዋል።

ብዙ ጊዜ ቤቱ የሚወስደው አብሮት የሰራው ፖሊስ ነው፣ ለውሻውም ከዚህ የተሻለ የለም። ችግሩ ብዙ ቦታ ላይ ውሻው ከስራ በተሰናበተበት ቀን መስሪያ ቤቱም እጁን ይሰበስባል፣ ኢንሹራንስ ቢጠየቅ ድሮ የጀመረ ህመም አንሸፍንም ይላል፣ ስለዚህ መድሃኒቱም ኦፕሬሽኑም ከሰውየው ደመወዝ ነው ማለት ነው። (በነገራችን ላይ ቸገረኝ ብላችሁ የሰው ማስታገሻ እንዳትሰጡት፣ አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ሊገድለውም ይችላል።)

የሚቻል ነገር እኮ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የኖቲንግሃምሻየር ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2013 ለእያንዳንዱ ጡረተኛ ውሻ በዓመት እስከ 500 ፓውንድ የህክምና ወጪ ለ3 ዓመት እሸፍናለሁ ብሎ ጀምሯል። የሜክሲኮ ባህር ኃይል የነፍስ አድን ውሻ የነበረችው ፍሪዳ፣ 12 ሰው በህይወት ያስገኘችው፣ በ2019 ጡረታ ወጥታ በ2022 እስክትሞት የተንከባከባት ያው ባህር ኃይሉ ነው። አሜሪካ እንኳን እስከ 2000 ድረስ ያረጀ የጦር ውሻ ለሰው አይሰጥም ነበር፣ ብዙዎቹን በመርፌ ነበር የሚገድሏቸው፣ ህግ ወጥቶ ነው የተቀየረው።

"ለሰው ያልተረፈ ብር ለውሻ?" የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እሺ፣ ግን እነዚህ ውሾች የሰሩት ለማን ሆነና? ቁጥራቸውም ቢሆን ጥቂት ነው፣ ውሻ ሲገዛና ሲሰለጥን የሚያዝ በጀት አለ፣ እዛው ላይ የእርጅናው ህክምና ከመጀመሪያው ይታከል ነው የምለው። እስከዛው የእንስሳት ሀኪሞች ቅናሽ ቢያደርጉላቸው፣ አቅም ያለን ሰዎች ደግሞ ለነዚህ ውሾች የተቋቋሙ የእርዳታ ማህበራትን በትንሽም ብትሆን በየወሩ ብንደግፍ ብዙ ነው።

እናንተ ደግሞ ስለ አንድ ጀግና ውሻ ስትዘግቡ አንድ ጥያቄ ጨምሩልኝ፣ ጡረታ ሲወጣ የሀኪሙን ሂሳብ ማን ነው የሚከፍለው በሏቸው።

አንባቢያችሁ