ሚስማር አልነበረም

የኔ ልጅ፣

ትናንት ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ በአይኔ ሳይዞር ነጋ። አንቺም እንዳልተኛሽ አውቃለሁ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ኦንላይን ነበርሽ፣ ያቺን አረንጓዴ ነጥብ ሳይ ልደውል ብዬ ጣቴን አስጠግቼ መለስኩት። ምክንያቱም የምነግርሽ ነገር አለኝ፣ በስልክ ከጀመርኩት ደሞ ድምፄ ይሰበርና አንቺው ታባብዪኛለሽ፣ እንደዛ እንዲሆን አልፈለኩም። ስለዚህ ይኸው ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው፣ ከተዘበራረቀብኝ ታገሺኝ።

አስቸኳዩን ላስቀድም። ሐኪሟ ትከሻሽ ላይ ካለችው ነጥብ ናሙናውን ከመውሰዷ በፊት "ቤተሰብ ውስጥ የቆዳ ካንሰር የያዘው ሰው አለ ወይ" ብላ ጠየቀችኝ፣ "የለም" አልኳት ብለሽኛል። ልጄ፣ አለ። እኔ ነኝ።

የዛሬ 8 አመት፣ አንቺ ለመጨረሻው ፈተና ስታጠኚ፣ እያነከስኩ ስሄድ "ሚስማር ወጋኝ" ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? ሚስማር አልነበረም። ተረከዜ ላይ ድሮ የነበረች ጥቁር ነጥብ ነበረች፣ ማርያም የሳመችኝ ናት ብዬ የተውኳት፣ እሷ ቀስ በቀስ ዳሯ እንደፈሰሰ ቀለም እየተዘረጋ መጣ። ቆርጠው መረመሩትና ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሆነ፣ ግን ገና ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ወደ ውስጥ ያልገባ፣ እነሱ "ኢን ሲቱ" የሚሉት ነው። ዙሪያውን ጤነኛ ቆዳ ጨምረው አወጡት፣ በዛው አለቀ፣ ኬሞ የለ ጨረር የለ። በየአመቱ "የአይን ቀጠሮ አለኝ" የምልሽ የአይን አይደለም፣ ከራሴ ፀጉር እስከ እግር ጥፍሬ ቆዳዬን የሚያዩበት ቀን ነው። አባትሽ ብቻ ነው የሚያውቀው።

አንድ ማታ ለብ ያለ ውሃ በጨው በሳህን ይዘሽልኝ መጣሽ፣ ተንበርክከሽ "ቁስሉን ልየው፣ ሚስማር እኮ ዝም አይባልም" ብለሽ ፋሻውን ልትፈቺ ስትይ እግሬን መንጭቄ "ተዪኝ!" ብዬ ጮህኩብሽ። ውሃው ተደፋ። ምንም ሳትዪ በፎጣ ጠርገሽ ክፍልሽ ገባሽ። ይኸው 8 አመት ሙሉ ያቺ የፎጣ ድምፅ አልጠፋችብኝም። የደበቅኩሽ ፈተናሽ እንዳይበላሽ ብዬ ነው፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን እሱ ብቻ አይደለም፣ ስሙን ከጠራሁት የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እኛ ጋ "ያ ክፉ በሽታ" "ስሙን አይጥራው" እየተባለ ስላደግን አፌ እምቢ አለኝ። አንቺም አሁን ሳምንት ሙሉ ደብቀሽ ስታበቂ "ላስጨንቃችሁ አልፈለኩም" ስትዪኝ ከኔ የተማርሽው ነው ብዬ አለቀስኩ።

እና ነገ ጠዋት ደውለሽ "እናቴ ሜላኖማ ነበራት፣ ተረከዟ ላይ፣ ኢን ሲቱ" ብለሽ ንገሪያቸው፣ ፋይልሽ ላይ ይጻፉት። ይሄ ማለት አንቺም ይዞሻል ማለት አይደለም። የቅርብ ዘመድ ካለ እድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ስለሚል በደንብ ያዩሻል፣ ወደፊትም ቼክ ያደርጉሻል፣ ይሄው ነው። የኔ ወረቀት ሁሉ አለ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።

አሁን ስለ መጠበቁ።

ያቺ ከትከሻሽ ያወጧት፣ ጥፍር የምታህለው ቁራጭ አሁን የት እንዳለች ልንገርሽ፣ ለኔ ማንም አልነገረኝምና ጠርሙስ ውስጥ ሆና መደርደሪያ ላይ የረሷት ነበር የሚመስለኝ። መጀመሪያ እንዳትበላሽ ፎርማሊን ውስጥ ትነከራለች፣ ፎርማሊኑ እስኪዘልቃት ሰዓታት ይፈጃል፣ ከዛ ውሃዋን በአልኮል ያወጡትና ሰም ውስጥ ትቀበራለች፣ ሰሙ ሲጠነክር በማሽን ይቆርጧታል፣ በጣም ስስ አድርገው፣ አንድ ሚሊሜትር ለ200 ቢከፈል አንዱን የሚያህል፣ እሱን መስታወት ላይ አንጥፈው ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ያስገቡለታል፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ፓቶሎጂስቱ፣ ናሙና የሚመረምረው ሐኪም፣ በማይክሮስኮፕ የሚያያት። ደሞ ያንቺ ብቻ አይደለችም፣ ወረፋ አለ። ስለዚህ 10 ቀን ካሉሽ 10 ቀን ነው፣ ዛሬ 4ኛው ነው። ስልኩ ዝም ሲል መጥፎ ነገር አይተው ነው ዝም ያሉኝ እያልሽ አትተርጉሚው፣ ቁራጯ ሰም ውስጥ ሆና ሊሆን ይችላል።

ከዘገየም አትደንግጪ። እኔን በ9ኛው ቀን ደውለው "ተጨማሪ ማቅለሚያ ያስፈልገዋል፣ ትንሽ ይቆያል" አሉኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ልብስ ማጠቢያው ጋ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ ማሽኑ ጨርሶ ጲጲ ይላል፣ ተነስቼ ማጥፋት አቃተኝ። ለራሴ አበቃልኝ አልኩ። በኋላ ሐኪሙን ስጠይቀው ተጨማሪ ማቅለሚያ ሴሎቹን ለይቶ ለማየት የሚደረግ ነገር ነው፣ ምንም ላልሆነ ነጥብም ይደረጋል፣ ሁለተኛ ፓቶሎጂስት እንዲያየው መላክም እንደዛው ነው አለኝ። ይሄን ያኔ በስልኩ ላይ ቢነግሩኝ ኖሮ 6 ቀን ሙሉ ቀብሬን ባላየሁ ነበር።

እና አንድ ነገር አለ፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። "ሜላኖማ ነው" ያሉኝ ቀን ማታ ተኛሁ። በ15 ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ድረስ ተኛሁ። ለረጅም ጊዜ ይሄ ነገር ያሳፍረኝ ነበር፣ ምን አይነት ሰው ነኝ እያልኩ፣ ከዛ የሆነ ጥናት አነበብኩ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ያሉ ተመራማሪዎች 45 ሰው ኮምፒውተር ላይ ጌም አጫወቱ፣ ድንጋይ እየመረጡ ከስሩ እባብ አለ የለም ብለው ይገምታሉ፣ እባብ በወጣ ቁጥር እጃቸውን የሚያም ኤሌክትሪክ ይነካቸዋል። ሰዎቹ በጣም የተጨነቁት መቼ ነው ብትዪ፣ በእርግጠኝነት እንደሚነካቸው ሲያውቁ ሳይሆን ግማሽ በግማሽ ሲሆንባቸው ነው፣ ላባቸውም የአይናቸው ብሌንም ያንኑ ነው ያሳየው። ስለዚህ ልብሽ ትር ትር ሲል፣ ሆድሽ ሲገለባበጥ፣ እህል አልወርድ ሲልሽ፣ "ሰውነቴ የሆነ ነገር አውቆ ነው" አትበዪ። ሰውነትሽ ስለ ነጥቧ ከማንም በላይ የሚያውቀው ነገር የለም። አለማወቁ ነው እንደዛ የሚያደርገው፣ የማንም ሰው ሰውነት እንደዛ ያደርጋል።

ጎግል አታድርጊ ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። ግን የቦብ ማርሌን ነገር ከሌሊቱ በዛ ሰዓት አንብበሽ "እሱም ከአንዲት ነጥብ ነው የጀመረው" ያልሽኝ ልቤን ነካኝ። አዎ፣ የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ስር እ.ኤ.አ. በ1977 ሜላኖማ ተገኘበት፣ በ1981 በ36 አመቱ አረፈ። ካነበብሽ ግን ሙሉውን አንብቢ። ያኔ ለተሰራጨ ሜላኖማ ይህ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረም። እሱ ካረፈ ከ30 አመት በኋላ፣ በ2011፣ የሰውነትን የራሱን መከላከያ ካንሰሩ ላይ የሚያስነሳ ኢፒሊሙማብ የተባለ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፣ ከኋላውም ሌሎች መጡ፣ የመንገዱ ጀማሪዎች ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 ኖቤል ተሸለሙ። ደሞ ይሄ ሁሉ ለተሰራጨው ነው። ቆዳ ላይ እያለ ለተገኘ ሜላኖማ የአሜሪካ ካንሰር ሶሳይቲ የሚያወጣው አሃዝ 5 አመት በሕይወት የመቆየት እድሉ ከ99 በመቶ በላይ ነው ይላል። ይሄንን የምልሽ ሜላኖማ ነው ብዬ አይደለም፣ እንደዛ ተብለው ተጠርጥረው ከሚቆረጡት ነጥቦች አብዛኞቹ ሜላኖማ ሆነው አይገኙም። ካንሰር ነው ቢባል እንኳን በአለም ላይ በብዛት የሚገኘው ቤዛል ሴል የሚባለው የቆዳ ካንሰር ከቦታው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መሄዱ በጣም ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ነው። እኔ የምፈልገው ሌሊት ላይ የከፋውን ብቻ ይዘሽ እንዳታነጊ ነው።

ስለ ፎቶዎቹም። ነጥቧን ኢንተርኔት ላይ ካሉት ጋር ጎን ለጎን እያደረግሽ ማየቱ ጠቃሚ የነበረው ሐኪም ጋ ከመሄድሽ በፊት ነው፣ ዳሯ እኩል አለመሆኑን፣ ቀለሟ መቀላቀሉን፣ ከ6 ሚሊሜትር ማለፏን፣ ከሁሉ በላይ ደሞ መለወጧን አይተሽ ሄድሽ፣ በጣም ጎበዝ ነሽ፣ እኔ ያንን ለማድረግ ሁለት አመት ፈጅቶብኛል። አሁን ግን ነጥቧ እዛ የለችም። ፎቶውን አጉልተሽ አሳንሰሽ ብታዪው ሺ ጊዜ ብታዪው አዲስ ነገር አይነግርሽም። ከቻልሽ ለአባትሽ ላኪውና ካንቺ ስልክ አጥፊው፣ ከፈለግሽ ይመልስልሻል።

ያኔ ምን ረዳኝ ካልሽ፣ ብዙ ነገር ሞክሬ አንዱ ነው የሰራው። ጭንቀቱን አባርራለሁ ስል ይብስብኝ ነበርና ሰዓት ሰጠሁት። በየቀኑ ከ11 ሰዓት እስከ 11 ከ20፣ ደብተር ይዤ በር ዘግቼ የፈራሁትን ሁሉ እጽፋለሁ፣ ብሞትስ፣ እግሬን ቢቆርጡኝስ፣ ልጄስ፣ ሁሉንም። በሌላ ሰዓት ሲመጣብኝ "ቆይ፣ በ11 ሰዓት" እለዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሶስት ቀናት ጨርሶ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ ከዛ ግን ቀስ እያለ ለመደው። አንዳንድ ቀን 11 ሰዓት ደርሶ የምጽፈው አጥቼ አውቃለሁ። ሌሊት ላይ ደሞ አልጋ ላይ ከመገላበጥ ተነሺ፣ ቁጭ ብለሽ በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ ከዛ እስከ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ፣ ማስወጣቱ መርዘም አለበት፣ አምስት ደቂቃ ያህል። ፍርሃቱን አያጠፋልሽም፣ የልብ ምቱን ግን ያወርድልሻል፣ ልብ ሲረጋ ደሞ ማሰብ ይቻላል።

"ምንም አይደለም፣ ምንም አይሆንም" የሚሉሽን ሰዎች አትቀየሚያቸው፣ ፈርተው ነው። እኔ ግን አልልሽም። ምንም ይሁን ምንም አይሁን አላውቅም፣ ሐኪሟም እስካሁን አታውቅም። አይዞሽ ነው የምልሽ። ያኔ አባትሽም "ምንም አይደለም" ባለኝ ቁጥር አፌን የዘጋኝ ይመስለኝ ነበር፣ አንድ ማታ ግን ምንም ሳይል ጎኔ ቁጭ ብሎ ፋሻዬን ቀየረልኝ፣ ያን ማታ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እፈራለሁ ያልኩት።

ለውጤቱ ቀን እንዘጋጅ። ነገ ስትደውዪ ውጤቱ በምን እንደሚመጣ ጠይቂ፣ በስልክ ነው፣ በቴክስት ነው፣ ወይስ ቀጠሮ ነው፣ በቴክስት ከሆነ ብቻሽን አትክፈቺው፣ እኔ እስክደርስ ወይ ቪዲዮ እስክንደዋወል ጠብቂ። በስልክ ከሆነ ስፒከር ላይ አድርጊው፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ያኔ እኔ "ሜላኖማ" የምትለዋን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሐኪሙ ያለውን አንዱንም አልሰማሁትም፣ ሁለተኛ ሄጄ ነው የጠየቅኩት። አይነቱ ምንድን ነው፣ ሜላኖማ ከሆነ ጥልቀቱ ስንት ሚሊሜትር ነው (ብሬስሎ የሚሉት ልኬት ነው፣ ዋናው ነገር እሱ ነው)፣ የቁራጯ ዳር ንጹህ ነው ወይ፣ ማለት ካንሰር የሌለበት ነው ወይ፣ ቀጥሎ ምንድን ነው የሚደረገው። እነዚህን ጠይቂና የፓቶሎጂውን ሪፖርት ኮፒ ተቀበዪ። ንጹህ ነው ካሉሽም ቢሆን ወረቀቱን ያዢው።

ሐሙስ እመጣለሁ። አትምጪ እንደምትዪኝ አውቃለሁ፣ ስራ አለኝ ካልሽም ሂጂ ስራሽ፣ እኔ ቤት እጠብቅሻለሁ። ማታ ቁስልሽን እኔ አጥቤ ቫዝሊን ቀብቼ እሸፍንልሻለሁ፣ ትከሻ ለራስ አያመችም፣ እስከዛው አትከኪው፣ ስፌቱ እስኪወጣ ድረስ ከባድ ነገር አታንሺ። እኔም ተረከዜን አሳይሻለሁ። ጠባሳው እንደ ሳንቲም ክብ ነው፣ አሁን ምንም አያምም፣ ንኪው ብትዪ ትነኪዋለሽ።

ስልኬን ድምፁን ከፍቼ ትራሴ ስር አድርጌዋለሁ። 9 ሰዓትም ቢሆን ደውዪ።

እናትሽ