ሽርጥ ለመቆሸሽ ነው፦ የልብስ ስፌት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የትምህርት ቤታችን የልብስ ስፌት ክበብ ዘንድሮ ደህና አድርጎ ሥራ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። መስከረም በምዝገባና በመኪና ጥገና አለቀ። ካሉን ሁለት የእግር ስፌት መኪኖች የአንዱ ቺንጋ ተበጥሶ ስለነበር ከጅማው ገበያ ከሄርማታ መርካቶ አዲስ ገዝተን አስገባን። የእግር መኪና ደግ ነው፤ መብራት ሄደ መጣ አይለውም።

ምን እንስፋ የሚለው ብዙ አጨቃጨቀን። ሴቶቹ ቀሚስ አሉ፤ ወንዶቹ ቦርሳ አሉ። እኔ መምህርታቸው የወጥ ቤት ሽርጥ አልኩ። ቀሚስ የትከሻ ልክ አለው፣ እጅጌ አለው፣ ዚፕ አለው። ሽርጥ ግን ለቀጭኑም ለወፍራሙም አንድ ነው፤ ከኋላ በማሰሪያው ይስተካከላል። ስፌቱም አብዛኛው ቀጥ ያለ ነው። ቀሚስ ጀምሮ እጅጌው ላይ የቀረ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ክበቡ በር ላይ አይታይም። ጀማሪ የሚጨርሰው ነገር ያስፈልገዋል።

አቆራረጡ ይሄ ነው። ርዝመቱ 85 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 70። ጨርቁን በቁመቱ ለሁለት ማጠፍ። ከላይ፣ ከእጥፋቱ 14 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት ማድረግ። በጎኑ ደግሞ ከላይ ወደ ታች 25 ለክቶ ሌላ ምልክት። ሁለቱን ጎበጥ ባለ መስመር አገናኝቶ መቁረጥ፤ ብብቱ ወጣ ማለት ነው። ለምልክት የምንጠቀመው ያለቀ የሳሙና ስባሪ ነው፤ ሲታጠብ ይለቃል። ወርዱ 1.50 የሆነ ጨርቅ ከተገኘ ከአንድ ሜትር ጎን ለጎን ሁለት ሽርጥ ይወጣል። ማሰሪያው ከተረፈው ይቆረጣል። ካልበቃ የሌላ ቀለም ቁራጭ ይቀጠላል፤ እንዲያውም ያምራል።

ትግሉ ብብቱ ላይ ነው። እዚያ ጋ ጨርቁ በሰያፍ ስለሚቆረጥ ትንሽ ሲነኩት ይለጠጣል። ከዚያ ሲቀመቀም ጠርዙ እየተኮማተረ ይነሳል። መላው፣ ከማጠፍ በፊት ጠርዙን ተከትሎ አንድ ዙር መስፋትና እጥፋቱን ቀጭን ማድረግ ነው። ይሄም ሆኖ ልጆቹ ጨርቁን ከመርፌው ኋላ እየጎተቱ ያበላሹት ነበር። ያዳነን አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ነው። አባቱ ገበያው በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል። መኪናው ላይ ተቀመጠና ሁለት ጣቱን ብቻ ጨርቁ ላይ አሳረፈ። «አትጎትቱት፣ ራሱ ይወስደዋል» አለ። በመስኮት ሆነው «ወንድ ልጅ ሽርጥ ይሰፋል እንዴ?» እያሉ ሲስቁ ከነበሩት ሁለቱ በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ተመዝግበዋል። አሁን ከማንም በላይ ቀጥ አድርገው የሚሰፉት እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹን ሽርጦች ተማሪዎቹ በድምጽ ብልጫ ከነጭ አቡጀዴ ሠሯቸው። ደረቱ ላይ ጀበና ጠለፉበት። ለእናቶቻቸው ስጦታ ሰጡ፤ ደስታው ሌላ ነበር። ከወር በኋላ «ሽርጡስ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ቲቸር!» ካርድ ሊወስዱ የመጡ አንዲት እናትማ ሳቁብኝ። «መምህርት፣ ይሄን የመሰለ ነገር ለብሼ በርበሬ ልነካ?»

እውነታቸውን ነው። የአገራችን ሰው የወደደውን ነገር ለእንግዳ ያስቀምጣል። ለእኔ ግን ያልቆሸሸ ሽርጥ ገና ስጦታ አልሆነም። ስለዚህ ሐሳባችንን ቀየርን። ጠቆር ያለ ባለ መስመር ጨርቅ ገዛን፤ ጥልፉን ተውን፤ ወገቡ ላይ እጅ መጥረጊያ ትንሽ ፎጣ ሰፋንበት። የመጀመሪያውን ለመምህራን ሻይ ቤት እትዬ ሰጠናቸው። እስከ ከሰዓት ዱቄቱም ቡናውም ነክቶታል። አስተያየትም አልቀረልንም፦ «ኪሱን ወደ ቀኝ አምጡልኝ፤ እኔ ክብሪት በግራ እጄ አላወጣም።» ኪሱ ተፈትቶ ወደ ቀኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ከመስፋታቸው በፊት የሚሰጡትን ሰው በየትኛው እጁ እንደሚሠራ ይጠይቃሉ። ለዒድና ለፋሲካ የተሰጡት በሙሉ እንዲህ የተሰፉ ናቸው።

የጨርቅ ነገር ሌላ ጣጣ ነበረው። ቴትሮን የሚባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከጥጥ ይረክሳል፣ ቀለሙም ይደምቃል፤ ልጆቹ እሱን ፈለጉ። ግቢ አወጣኋቸውና ከጥጡም ከቴትሮኑም ቁራጭ በክብሪት አቃጠልን። ጥጡ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ሆነ። ቴትሮኑ ቀለጠ፣ ተንጠባጠበ፣ ጠጥሮም ድንጋዩ ላይ ተጣበቀ። ከሰል ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብላ ለምትሠራ እናት ይሄ ቆዳ ላይ ቢሆን ብላችሁ አስቡት። ከዚያ በኋላ ስለ ቴትሮን ያነሳ የለም። ጣጣው የጥጥ ጨርቅ መኮማተሩ ነው፤ ካልታጠበ አይቆረጥም። ይሄ ሕግ በጅማ ዝናብ ብዙ ያስጠብቃል። የታጠበ ጨርቅ ክፍሉ ውስጥ በገመድ ተሰቅሎ፣ ልጆቹ ከሥሩ አጎንብሰው ሲያልፉ ከርመዋል።

የወላጆች ቀን ላይ ጥቂት ሽርጥ ሸጠን ክር፣ መርፌና አንድ ደህና መቀስ ገዝተናል። በመቀሱ ወረቀት አይቆረጥም፤ የሌላ ክበብ አባላት ይህን አንብቡልኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ከቁርጥራጩ የድስት ማንሻ እንጀምራለን። ለመመዝገብ የምትፈልጉ መስከረም ላይ ኑ። ከቤት ያረጀ የጥጥ አንሶላ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አጥባችሁ ግን።