በደቻቱ አሸዋ ላይ የተገኘው መርፌ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት ከቀፊራ ገበያ ስመለስ፣ በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ከሚጫወቱት ልጆች አንዱ ክዳን የሌለው፣ ጫፉ ላይ ደም የደረቀበት መርፌ በሁለት ጣቱ ይዞ ሲያገላብጥ አየሁ። መርፌውን ተቀብዬ በውኃ ጠርሙስ ከትቼ ለጤና ጣቢያ አስረከብኩ፤ አለመወጋቱን ሦስት ጊዜ ጠይቄውም ልቤ አልተረጋጋም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ከሕክምና ተቋማት ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ከቤት ጥራጊ የተለየ ጉዳት የለውም፤ የተቀረው አደገኛ 15 በመቶ ሳይለይ ከተቀላቀለበት ግን ሁሉም እንደ አደገኛ መያዝ አለበት። ስለዚህ ቆሻሻው መለየት ያለበት በሚወጣበት ክፍል፣ መርፌውን በወጋው ባለሙያ እጅ ነው። መርፌው ክዳኑ ሳይመለስበት ወዲያውኑ ወደ ሴፍቲ ቦክስ (መርፌ ወደማይበሳው የመርፌ ማስወገጃ ሳጥን) መግባት፣ ሳጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ታሽጎ በትክክለኛ ማቃጠያ መወገድ ይኖርበታል፤ ጉድጓድ ውስጥ በክብሪት የሚለኮስ እሳት ጭሱን ለጎረቤት፣ መርፌውን ለአመዱ ትቶ ይጠፋል።

እናቴን ጨምሮ ኢንሱሊን በቤታቸው የሚወጉ ሕሙማንም አሉ፤ መርፌውን የት እንደሚያስወግዱ የነገራቸው የለም። እኛ ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እናጠራቅማለን። የከተማችን ጤና ቢሮ በየጤና ጣቢያው መቀበያ ሳጥን ቢያስቀምጥ፣ ይህንንም የክረምቱ ጎርፍ ደቻቱን ሳይሞላው ቢጀምር እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ