ባቡሩ ሄደ፣ መንገዱ ግን ቀርቶልናል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጋዜጣችሁን ዘወትር ባነብም ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፣ ስህተት ካገኛችሁ አርሙልኝ።

ጉዳዬ ሳይክል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ወሬያችን ስኳርና ደም ግፊት ሆኗል። ሁላችንም ሃምሳን ዘለናል፣ አብዛኞቻችን ደግሞ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠን የምንውል ሰዎች ነን። «ሳይክል እንንዳ» ስላቸው ይስቁብኛል። አንደኛው «ምነው፣ ልጆችህን ያለ አባት ልታስቀራቸው ነው?» አለኝ። አልፈርድበትም። ኮሎምቢያ ፓይክ በሚባለው መኪና የበዛበት መንገድ ላይ በሳይክል ውጣ ብባል እኔም አልወጣም። እኔ ግን የምለው መኪና ስለማይገባበት መንገድ ነው።

መንገዱ የሚነሳው እዚሁ ቨርጂኒያ ካለው ከሸርሊንግተን ነው። ሸርሊንግተንን የማያውቅ ሐበሻ እዚህ አካባቢ የለም። ከዚያ በፎልስ ቸርች፣ በቪየና፣ በኸርንደንና በሊስበርግ አድርጎ ፐርስልቪል ድረስ 45 ማይል ይሄዳል፣ በእኛ 72 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን ይባላል። ስሙ የባቡር ኩባንያ ስም ነው፣ ምክንያቱም መንገዱ ራሱ የባቡር መስመር ነበር። ባቡሩ በ1968 ቆመ፣ ሐዲዱ ተነቀለ፣ ከዚያ በየጊዜው አስፋልት እየለበሰ በ1988 ፐርስልቪል ደረሰ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) እኔ አሥራ አንድ ዓመት አጠገቡ ስኖር አላውቀውም ነበር። በመኪና ስንት ጊዜ አቋርጬዋለሁ መሰላችሁ!

የባቡር መንገድ ለሳይክል ለምን እንደሚመች ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፣ አባቴ ሽመንደፈር ይሠራ ነበር። «ባቡር እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣም፣ ዳገቱ ነው ዝቅ የሚልለት» ይለን ነበር። ብረት በብረት ላይ ስለሚያንሸራትት ሰዎቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን ሞልተው፣ ወንዙን በድልድይ ተሻግረው ነው ሐዲድ የሚዘረጉት። ያን ሁሉ ድካም ከመቶ ዓመት በፊት ሌላ ሰው ደክሞልሃል፣ አንተ ፔዳሉን ብቻ ነው የምትመታው።

ባለፈው መስከረም ከወንድሜ ልጅ ጋር ረዥሙን ሞከርነው፣ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የሚባለውን፣ እሱም የባቡር መስመር የነበረውን። ከፒትስበርግ፣ ፔንሲልቬንያ እስከ ከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ 150 ማይል ነው። ልጁ በሁለት ቀን እንጨርሰው ሲል እኔ አራት ቀን አልኩ፣ በእኔ ሆነ። መንገዱ የተፈጨ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ወንዙ በጎንህ ይፈሳል፣ ጫካ ነው፣ አልፎ አልፎ አንድ ትንሽ ከተማ ይመጣል። እነዚህ ከተሞች የከሰልና የብረት ሥራ ሲቀዘቅዝ አብረው የቀዘቀዙ ናቸው፣ ዛሬ አንዳንዶቹ ሳይክለኛ እያሳደሩና እያበሉ ይኖራሉ። ኮንፍሉወንስ በምትባለው ከተማ ያደርንባት ሴትዮ ከየት እንደመጣን ጠይቃ፣ ኢትዮጵያ ስንላት ጠዋት ቡናውን ደጋግማ ቀዳችልን።

ሦስተኛው ቀን ላይ ጎማዬ ተነፈሰ። ጎሚስታ የለ፣ የያዝኩት ትርፍ ካላማዳሪ ደግሞ ለእኔ ጎማ የማይሆን ሆኖ ተገኘ። ሃያ ደቂቃ ሳንቆይ አንዲት ሰባ ዓመት የሚሆናት ሴት ቆማ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ፣ ብሩን አልቀበልም አለች። በዕድሜዋ አላፍርም፣ በራሴ ዝግጅት ግን አፈርኩ።

እንግዲህ ሳናውቀው ነው ተራራው ላይ የወጣነው። ከፍተኛው ቦታ 2,392 ጫማ ነው፣ 729 ሜትር ገደማ። ከዚህ ወዲህ የዘነበው ዝናብ ወደ አትላንቲክ፣ ከዚያ ወዲያ የዘነበው ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል ይላል ምልክቱ። ልጁ ፎቶ ሲያነሳ እኔ ሳቄ መጣ። ቆላ የምንላት ድሬ እኮ ከዚህ ተራራ ትበልጣለች! ጥቂት ወረድ እንዳልን ቢግ ሳቬጅ የሚባል ዋሻ አለ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል፣ መብራት ያለው፣ ውስጡ እንደ ፍሪጅ የሚቀዘቅዝ። ብርዱ ሲገባ ስለሚዘጋ ታኅሣሥ ላይ እንዳትሄዱ። ከዋሻው ስትወጣ የሜሪላንድ ኮረብቶች ከፊትህ ይዘረጋሉ፣ ከዚያ እስከ ከምበርላንድ ቁልቁለት ነው፣ ሥራህ ፍሬን መያዝ ብቻ።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። አሜሪካኖቹ በ1983 ባወጡት ሕግ ባቡር ሲቆም መስመሩ ሳይቆራረስ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል። ወደፊት ባቡር ካስፈለገ ይመለሳል፣ እስከዚያው እግረኛና ሳይክለኛ ይጠቀምበታል። የኛው አሮጌ መስመር በ1902 ድሬ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው፣ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ነው። አዲሱ ባቡር በራሱ መስመር ሄደ። አሮጌውስ? አዋሽ በረሃ ላይ ሳይክል ንዱ አልልም፣ ፀሐዩን አውቀዋለሁ። ከቢሾፍቱ ሞጆ ግን ለምን አይሆንም? አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች መልስ ካላችሁ ጻፉልኝ።

እዚህ ላለነው ደግሞ፣ ለጀማሪ ከሊስበርግ ፐርስልቪል ያለውን እመርጣለሁ። የሸርሊንግተኑ በኩል ቅዳሜና እሑድ ይጨናነቃል። ክላርክስ ጋፕ ላይ ትንሽ ያስተነፍሳል፣ ያኔ ማርሽ ቀንሱ። መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ ስላለ እዚያ ቁሙ፣ ሰው ስታልፉ «በግራህ ነኝ» በሉ። በኪሎ ሜትሩ አትጨነቁ፣ የደከመው ይመለሳል።

ያ የሚስቅብኝ ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት ለብቻዬ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰፊ ኮርቻ ያለው ሳይክል የት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ።

አክባሪያችሁ፣
የድሬው ልጅ፣ ከአሌክሳንድሪያ