ጌጡ ከመነቀሉ በፊት ከኋላው ምን እንዳለ ይታይ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

በመኪና ገጻችሁ ላይ የፒካፕን የፋብሪካ ጌጥ ስለማንሳት የወጣችውን አጭር ጽሑፍ አነበብኳት። ነገሩ ሁሉ «በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት፣ ሳቡት፣ አለቀ» ነው። አንዳንዱ እውነትም እንደዚያ ይነሳል። ሌላው ግን እምቢ ይላል። ያቺን ምክር ይዞ ጎማውን ከላይ የሚከበውን ሰፊ ፕላስቲክ የሚጎትት ሰው፣ እጁ ላይ የተሰበረ ክሊፕ ይቀራል፣ ፓራፋንጎው ላይ ደግሞ ክፍት ቀዳዳ። ስለዚህ የጎደለውን ልጨምርላችሁ፤ ከረዘመባችሁ ቁረጡት።

ጌጡ ይነሳልኝ የሚለውን ሰው አልፈርድበትም። ፒካፕ የስራ መኪና ሆኖ ሳለ በሩ ላይ የፕላስቲክ ዘንግ፣ ፊቱ ላይ ኒኬል፣ የኋላ ስፖንዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተጻፈ ስም ይዞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ርካሹና ውዱ ሞዴል ከውጭ ሲታዩ የሚለያዩት በዚሁ ነው፤ ከስር ያለው ላሜራ ያው ነው። ጌጥ የሌለው ቦዲ ለማጠብም ይቀላል። እኔ የምለው ግን በምን እንደተያዘና ከኋላው ምን እንዳለ ሳይታወቅ ማንም እጁን አይሰንዝርበት ነው።

ጽሑፋችሁ የሚሰራው በማጣበቂያ ለተያዘው ነው። የስም ፊደላት፣ አርማዎችና አብዛኞቹ የበር ዘንጎች የሚለጠፉት ሁለት ፊት ባለው የስፖንጅ ፕላስተር ነው። ሙቀት ይህን ፕላስተር ያለሰልሰዋል እንጂ አያሟሟውም፤ ስለዚህ ሞቀ ብሎ መጎተት አይበቃም፣ መቁረጥ ይፈልጋል። ለመቁረጥ ደግሞ ቢላዋም ካቻቢቴም አያስፈልግም። የአሳ ማጥመጃ ክር ይበቃል፣ እሱ ከጠፋ የጥርስ ክር። የክሩን ጫፎች በሁለት እጅ ይዞ ከፊደሉ ጀርባ ማስገባት፣ ከዚያ ወደ ላሜራው አስጠግቶ ቀኝና ግራ እንደ መጋዝ መሳብ ነው። ቀስ እያለ ይሄዳል። ስፖንጁ መሀል ለመሀል ይሰነጠቅና ፊደሉ ሳይጣመም እጅ ላይ ይወድቃል፣ ግማሹ ስፖንጅ መኪናው ላይ ይቀራል። ይቅር፣ ችግር የለውም። እሱን እንደገና አሙቆ በአውራ ጣት መግፋት ነው፤ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተጠቀለለ ይወጣል።

ሙቀቱን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የፀጉር ማድረቂያ ያላችሁት ልክ ነው፣ ግን ብዙ ሰው «እሱ ያዘግማል» ብሎ የቀለም ማቃጠያውን የጋለ አየር መሳሪያ ያነሳል። ያ መሳሪያ ከ500 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። የፋብሪካ ቀለም ራሱ ምድጃ ውስጥ ሲጋገር 140 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚያየው፣ ከዚያ ያለፈ ሙቀት አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ቀለሙ ይነፋል። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ከሆነማ ከቀለሙ በፊት እሱ ራሱ ይጣመማል። ላሜራው ሲነካ ሞቅ ብሎ፣ ግን እጅ ሳያስነሳ ከሆነ በቂ ነው። መኪናውን ፀሐይ ላይ ማቆምም ግማሹን ስራ ይሰራል። በብርድ ጠዋት ግን ጨርሶ አይሞከር፤ ያኔ ፕላስተሩ ይጠነክራል፣ ያረጀ ፕላስቲክ ደግሞ ይሰበራል።

የቀረው ሙጫ በአልኮል ወይም በላምባ ነክሮ በለስላሳ ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል። ቲነር? የፋብሪካ ቀለም ለአፍታ ሊችለው ይችላል፣ ጋራዥ የተቀባ መኪና ግን ቀለሙ ከጨርቁ ጋር ተነስቶ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የማይታይ ጥግ ላይ ሳይሞክሩ ቲነር አይጠጋ። ትራፓኖ ላይ የሚገጠም፣ ከላስቲክ የተሰራ ክብ መፋቂያ አለ፣ እሱ ግሩም ነው፣ ሙጫውን እየበላ ቀለሙን ይተዋል። ግን ፍጥነቱ ይቀነስ፣ አንድ ቦታ ላይም አይቁም፤ ከቆመ በሰበቃ ሙቀት ቀለሙን ያቃጥለዋል። ፕላስቲክ ላይ ደግሞ ባይሞከር ይሻላል።

አሁን ጽሑፋችሁ ወደ ዘለለው ልምጣ። ማጣበቂያ ብቻ የሚመስለው ጌጥ ከጀርባው ትንንሽ ችንካሮች ሊኖሩት ይችላል። ፋብሪካ ላይ ፊደሉ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ላሜራው ውስጥ ወደተበሱ ቀዳዳዎች የሚገቡ ናቸው። ክሩ ሲሳብ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ ችንካር አለ ማለት ነው፣ አይታገሉት። ቀድሞ ማወቅ ለሚፈልግ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ፦ ያው እቃ በመለዋወጫነት ሲሸጥ የጀርባው ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አይጠፋም። ጀርባው ላይ ፕላስተር ብቻ ከታየ በሰላም ይቀጥሉ፤ ችንካር ከታየ ከመንቀል በፊት ቀዳዳው በምን እንደሚደፈን ይታሰብ።

ጎማውን የሚከበው ሰፊ ፕላስቲክ ጋ ስንመጣ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። እሱን የሚይዘው ክሊፕ ነው፣ ከስር በጎማው በኩል ቪቴ አለ፣ አንዳንዱ ላይ ሪቬትም ይጨመራል። እጅ የሚገባው መጀመሪያ ከስር ነው። ቪቴው ሁሉ ሳይፈታ ከላይ የሚጎትት ሰው ላሜራውን ያጣምማል። እውነቱን ለመናገር ከጌጦቹ ሁሉ ለመነሳት በቂ ምክንያት ያለው ይኸኛው ነው፣ ምክንያቱም ከኋላው ጭቃና አሸዋ ያጠራቅማል። አሸዋው እርጥበት ይዞ ይቀመጣል፣ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ፕላስቲኩ በዚያ አሸዋ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። ከውጭ የሚያብረቀርቅ ፓራፋንጎ ከፕላስቲኩ ስር ዙሪያውን በዝገት የተበላ ሆኖ ይገኛል። ያንን ማየት ብቻውን የማንሳቱን ድካም ያካክሳል።

ከተነሳ በኋላ ግን ቀዳዳዎቹ አሉ። እነሱን ከፍቶ መተው ለዝገት በር መክፈት ነው። ብዙ ሰው ወደ ብየዳ ይሮጣል፣ እኔ አልመክርም። የብየዳው እሳት ከላሜራው ጀርባ ያለውን የፋብሪካ መከላከያ ያቃጥለዋል፣ ከፊት የተዘጋው ቀዳዳ ከኋላ ሌላ ዝገት ይጀምራል። ለትንሽ ቀዳዳ ዝገቱን መፋቅ፣ ጠርዙን አንቲረስት መቀባት፣ ቀለም ማልበስ፣ ከዚያ በልኩ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ክዳን መግጠም ይበቃል። ስቱኮ ብቻውን ቀዳዳ ላይ አይቆምም፤ ተንቀጥቅጦ ይወድቃል። ቦዲው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ፎርድ ኤፍ 150 በፈረንጆቹ ከ2015 ሞዴል ጀምሮ እንደዚያ ነው፣ ተራ የብረት ቪቴ መልሶ ማሰር ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ቀለሙም ዙሪያውን ይነፋል።

ሌላም አለ። በብዙ አገር ጎማ ከቦዲው ወጥቶ መታየት አይፈቀድም። ሰፊ ጎማ ያሰረ መኪና ያን ፕላስቲክ ካነሳ በኋላ ምርመራ ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ ጎኑንም ጠጠር ይደበድበዋል።

እንዳይነኩ የምላቸውም አሉ። በመስኮቱ ስር የሚሄደው ጥቁር ዘንግ ጌጥ ይመስላል እንጂ ስራው የዝናብ ውሃ ወደ በሩ ውስጥ በብዛት እንዳይገባ መከልከል ነው። ጣሪያው ላይ በሁለት ጎን የሚሄደውም የላሜራውን መጋጠሚያ የሚሸፍን ነው፣ ይቀመጥ። ከፊት ያለው ትልቁ አርማ ደግሞ አዳዲስ መኪኖች ላይ ከኋላው ራዳር ሊኖር ይችላል፣ ከፊት ያለውን መኪና እያየ ፍጥነት የሚያስተካክለው ማለት ነው። አርማው ራዳሩ እንዲያልፍበት ተብሎ የተሰራ ነው። ነቅሎ በሌላ ነገር መተካት ቀርቶ ብረት የገባበት ቀለም መቀባት እንኳ ራዳሩን ሊያሳውረው ይችላል። የኋላ ስፖንዳው እጀታ ዙሪያም ካሜራ የተገጠመበት መኪና ብዙ ነው፣ ሽቦውን ሳያዩ አይሳብ።

በመጨረሻ ጥላው። ጌጡ ስር ያለው ቀለም ለዓመታት ፀሐይ አላየም፣ ዙሪያው ግን ደብዝዟል። ፊደሉ ይነሳል፣ ስሙ ግን እዚያው ይነበባል። ፖሊሽ የደበዘዘውን የላይኛውን ሽፋን ጥቂት ፍቆ ልዩነቱን ይቀንሰዋል፤ ግን ያ ሽፋን ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ እንኳ የማይሞላ ስስ ነገር ነው፣ ብዙ ከተፈቀ ያልቃል። አዲስ መኪና ላይ ጥላው እምብዛም ነው። ያረጀ ቀይ ፒካፕ ግን በፖሊሽ ይጠፋል ብላችሁ ተስፋ አትስጡ። እኔን የጠየቀኝ ሰው ካለ የእንዲህ ያለውን መኪና ስም ሳትነቅል ተወው እለዋለሁ፣ ወይም ስፖንዳውን በሙሉ ለመቀባት ተዘጋጅ።

የተነሳው ሁሉ ደግሞ አይጣል። ክሊፖች አንዴ ከወጡ ብዙዎቹ ዳግመኛ አይይዙም፣ ስለዚህ ሊመልስ የሚያስብ አዲስ ክሊፕ አስቀድሞ ይግዛ። ረጃጅሞቹ ፕላስቲኮች ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይቀመጡ እንጂ ግድግዳ ላይ ተደግፈው አይቁሙ፣ ይጎብጣሉ። መኪናውን ነገ የሚገዛው ሰው «ጌጡስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና ገጻችሁ አንባቢ